ሲኒማ ቤቶች ለምን ጭር አሉ?

ሲኒማ ቤት ሰው አጣ ሲባል ተጠያቂው ወዲያው ይገኛል፦ ኔትፍሊክስ። ሰው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያሻውን ፊልም ማየት ከቻለ ምን አስወጣው? አባባሉ ሐሰት አይደለም። ዓመቶቹን ደርድረን ስናይ ግን አልገጥም ይላል።

አሜሪካንና ካናዳን እንውሰድ። የፊልም ነጋዴዎች ሁለቱን እንደ አንድ ገበያ ነው የሚቆጥሯቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በቅርቡ ዘመን ብዙ ትኬት የተሸጠው በ2002 ነው፤ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተቆርጧል። ኔትፍሊክስ ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው ደግሞ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ነበር። የትኬቱ ሽያጭ ግን እሱን አልጠበቀም። ከ2002 በኋላ ቀስ በቀስ ሲንሸራተት ቆይቶ በ2019 ወደ 1.2 ቢሊዮን ወረደ። ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2024 የተቆረጠው ትኬት 800 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ነገሩ ይበልጥ ይገባል። በ2002 ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ተቆጥሮ አንድ ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ሲኒማ ይገባ ነበር። አሁን ሁለት ጊዜ ነው።

ታዲያ ሰው ሲኒማ ጠላ ማለት ነው? አይመስለኝም። በሐምሌ 2023 ባርቢና ኦፐንሃይመር የተባሉት ፊልሞች በአንድ ቀን ሲወጡ አዳራሽ ሁሉ ጢም አለ። በአንድ ቀን ሁለቱንም አከታትሎ ያየ ሰው ጥቂት አልነበረም። ባርቢ ብቻዋን በዓለም ዙሪያ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባች። ጠፋ የተባለው ተመልካች ያን ሰሞን ወረፋ ይዞ ነበር።

የጠፋው ሌላ ሰው ነው። ዓርብ ከሥራ ሲወጣ «ዛሬ ምን እያሳዩ ነው?» ብሎ ጎራ የሚለው፣ የፊልሙን ስም እዚያው በር ላይ አንብቦ የሚገባው ሰው። ሲኒማ ቤት የሚኖረው በዚህ ሰው ነበር። ማንም አላባረረውም። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ በፈጀ ጊዜ፣ የሚመጣበትን ምክንያት አንድ በአንድ ወሰዱበት። ከወሳጆቹም ግንባር ቀደሞቹ ራሳቸው ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው።

ቀድሞም ሞተ ተብሎ ነበር

የአሜሪካ ሲኒማ ወርቃማ ዓመት 1946 ነው። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ቴሌቪዥን ገና አልተስፋፋም። ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 140 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በሳምንት የሚቆረጠው ትኬት ግን ከ80 ሚሊዮን በላይ እንደነበር ይገመታል። በሳምንት ነው እንግዲህ፤ በወር አይደለም። በ1960 ከአሥር ቤት ዘጠኙ ቴሌቪዥን ሲኖረው ቁጥሩ ግማሽ ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሳምንት ከ20 ሚሊዮን በታች ወርዶ አረፈ።

በዚሁ ዘመን ሌላም ነገር ሆኗል። ስለ እሱ ብዙ አይወራም፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው ያለው። እስከ 1948 ድረስ ትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሲኒማ አዳራሾችም ባለቤት ነበሩ። ፊልሙን ይሠራሉ፣ ያከፋፍላሉ፣ በራሳቸው አዳራሽ ያሳያሉ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ንግዱን ጠቅልሎ መያዝ ነው አለ፤ ስቱዲዮዎቹም አዳራሾቻቸውን ለመሸጥ ተገደዱ። ውሳኔው ለተፎካካሪዎች ፍትሕ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ የፊልም ሠሪውና የአዳራሹ ጥቅም አንድ መሆኑ ቀረ። ባለ አዳራሹ ሰው በሩን አልፎ ካልገባ ይራባል። ፊልም ሠሪው ግን ገንዘቡ ከመጣለት ፊልሙ አዳራሽ ቢታይ፣ አውሮፕላን ላይ ቢታይ፣ ስልክ ላይ ቢታይ ግዱ አይደለም።

ያም ሆኖ ሲኒማ ቤት ቴሌቪዥንን ተቋቁሟል። ቪዲዮ ካሴትን ተቋቁሟል። ዲቪዲንም ተቋቁሟል። እንዴት? በእጁ አንድ ነገር ስለነበረው ነው። አዲስ ፊልም በመጀመሪያ የሚገኘው እሱ ጋ ብቻ ነበር።

ከስድስት ወር ወደ 17 ቀን

ፊልም አዳራሽ ከገባበት ቀን አንስቶ ቤት ውስጥ እስኪገኝ ያለው ጊዜ የአዳራሹ የብቻ ጊዜ ነው። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ስድስት ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ስድስት ወር ረጅም ነው። ጓደኞችህ ሁሉ አይተው ሲያወሩ አንተ ዝም ብለህ አትቀመጥም፤ ትሄዳለህ። ጊዜው በዲቪዲ ዘመን እያጠረ መጥቶ በ2019 ወደ ሦስት ወር ተጠግቶ ነበር። ስቱዲዮዎቹ ከዚያም ሊያሳጥሩት ይፈልጉ ነበር። ባለ አዳራሾቹ ደግሞ ሞተን እንገኛለን አሉ።

መጋቢት 2020 ላይ አዳራሾቹ በሙሉ ተዘጉ። በወሩ የሆሊውዱ ስቱዲዮ ዩኒቨርሳል ለአዳራሽ ያዘጋጀውን አንድ የልጆች ካርቱን በ20 ዶላር ኪራይ ቀጥታ ወደ ቤት ለቀቀው። ልጅ ይዞ ቤት የተዘጋበት ወላጅ ተሻማበት። በዓለም ትልቁ የሲኒማ ድርጅት ኤኤምሲ በጣም ተቆጣ፤ ከእንግዲህ የዩኒቨርሳልን ፊልም አላሳይም ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ቁጣው ግን የቆየው እስከ ሐምሌ ነው። ሁለቱ ታረቁ። ስምምነቱ፣ ዩኒቨርሳል ፊልሙን ከ17 ቀን በኋላ ቤት ላለ ተመልካች ማከራየት ይችላል፤ ኤኤምሲ ከኪራዩ ድርሻ ያገኛል የሚል ነበር። ሦስት ወር የነበረው ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሆነ።

ታኅሣሥ ላይ ዋርነር ብራዘርስ የባሰ ይዞ መጣ። በ2021 የሚያወጣቸውን ፊልሞች በሙሉ አዳራሽ በገቡበት ቀን ኤችቢኦ ማክስ በሚባለው አገልግሎቱ ላይም እንደሚያሳይ አሳወቀ። ዲዝኒም አንዳንድ ፊልሞቹን እንዲሁ አደረገ፤ ደመወዟ ከአዳራሽ ገቢ ጋር የተያያዘባት ተዋናይት ስካርሌት ጆሃንሰን ፍርድ ቤት እስከማቆም ደርሳለች። በኋላ በስምምነት ተዘጋ።

እነዚህ ውሳኔዎች በወረርሽኝ መካከል የተደረጉ ናቸው፤ ለዚያ ዓመት ሊገቡን ይችላሉ። ጉዳታቸው ግን ከወረርሽኙ በላይ ኖረ። ተመልካቹ አንድ ነገር ተማረበት፦ ትንሽ ከታገስክ ቤትህ ይመጣል። ዛሬ አብዛኛው ስቱዲዮ በቀን በቀኑ መልቀቁን ትቶ ወደ 30 እና 45 ቀን ተመልሷል። ግን «ቤት ሲመጣ አየዋለሁ» ማለት የለመደ ሰው ቀን አይቆጥርም። 20 ቀን ይሁን 45 አያውቅም። በቅርቡ እንደሚመጣ ካወቀ ይበቃዋል።

ለማነጻጸር ፈረንሳይን እንይ። እዚያ የብቻ ጊዜው ለነጋዴዎች ድርድር ብቻ የተተወ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው። ፊልም አዳራሽ ከገባ በኋላ በዲቪዲም ሆነ በኢንተርኔት ኪራይ ለመውጣት በመደበኛው አራት ወር ይጠብቃል። ኔትፍሊክስ በ2022 በተፈረመው ስምምነት መሠረት 15 ወር መታገሥ አለበት። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ትኬት ከ10 በመቶ በላይ ተቆርጦ ለፊልም ሥራና ለአዳራሾች ድጋፍ ይውላል። ዩጂሲ የተባለው የአዳራሽ ድርጅት ከ2000 ጀምሮ በወር ክፍያ ያለገደብ የሚያስገባ ካርድ ይሸጣል። ኔትፍሊክስም ኮቪድም ፈረንሳይ ገብተዋል። ሆኖም በ2019 213 ሚሊዮን የነበረው ትኬት በ2024 181 ሚሊዮን ነው። ወደ 15 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። የአሜሪካና የካናዳው ግን በሲሶ ያህል ወርዷል። የፈረንሳይ ጥንካሬ ሕጉ ብቻ አይደለም፤ በ2024 ከአሥር ትኬት ከአራት በላይ የሚሆነው የተቆረጠው ለአገር ውስጥ ፊልም ነው። ሰው በራሱ ቋንቋ የሚያየው ፊልም በየሳምንቱ አለ። ቢሆንም የሶፋና የስልክ ምቾት ብቻውን ይህን ሁሉ ልዩነት እንደማያስረዳ ያሳየናል።

ቅዳሜ ማታ ለአራት ሰው

ስለ ዋጋ ካላወራን ደግሞ ሰው ይታዘበናል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አንድ ቤተሰብን አስቡት፤ አባትና እናት ከሁለት ልጆች ጋር። የቅዳሜ ማታ ትኬት ለአዋቂ 15 ዶላርና ከዚያም በላይ ነው። ቀድመው በስልክ ከቆረጡ በእያንዳንዱ ትኬት ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል። ትልቁ ፈንድሻ 10 ዶላር ገደማ ነው፤ ለስላሳውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልጆች ሲኒማ ገብተው ፈንድሻ አይበሉም ማለት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ቤተሰቡ ሲወጣ 100 ዶላር አካባቢ አውጥቷል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ የሌለው መደበኛ ኔትፍሊክስ በወር 17.99 ዶላር ነበር። ይህን ለማስላት የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም።

የሚገርመው ትኬቱ ራሱ የሚወራውን ያህል አልናረም። የባለ አዳራሾቹ ማኅበር ያወጣው አማካይ ዋጋ በ2002 5.81 ዶላር፣ በ2019 ደግሞ 9.16 ዶላር ነበር። በመካከሉ የነበረውን የዋጋ ንረት ስናስብ የ2002ቱ 5.81 በ2019 ከ8 ዶላር በላይ ነው። ጭማሪው አንድ ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ ማለት ነው። የተለወጠው ከጎኑ የቆመው አማራጭ ነው። ድሮ ቤት መቅረት ማለት ቴሌቪዥኑ የሰጠህን ማየት ነበር። አሁን ቤት መቅረት ማለት በትልቅ ስክሪን ላይ ሺህ ፊልም ማየት ነው፤ ስክሪኑም ከዓመት ዓመት እየረከሰ ሄዷል።

ፈንድሻው ግን ለምን እንዲህ ይወደዳል? ይህን የጠየቀ ሰው የሲኒማ ቤትን ኑሮ ገብቶ ያያል። ከ15 ዶላሩ ትኬት ግማሽ ያህሉ፣ ለትልቅ ፊልም ከግማሽ በላይ፣ ወደ ስቱዲዮው ይሄዳል። በቀረው ኪራይ፣ መብራት፣ ደመወዝ ይከፈላል። ፈንድሻ ላይ ግን ስቱዲዮው ድርሻ የለውም። የጥሬው በቆሎ ዋጋ ሳንቲም ነው። ከምግብና መጠጥ ከሚገባው ዶላር 80 ሳንቲም ያህሉ አዳራሹ ጋ ይቀራል። ስለዚህ ባለ ሲኒማው በተግባር ፈንድሻ ሻጭ ነው፤ ፊልሙ ገበያተኛ መጥሪያ ነው። ሰው ሲጠፋ ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋ ሲጨምር ሰው ይጠፋል።

ስቱዲዮዎቹ በዚህ ላይ ክንዳቸውን ያሳርፋሉ። በ2017 መጨረሻ ዲዝኒ አዲሱን የስታር ዎርስ ፊልም ለሚያሳይ አዳራሽ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ 65 በመቶው የትኬት ገቢ የእኔ ነው፤ ፊልሙም በትልቁ አዳራሻችሁ አራት ሳምንት ይቆያል። ለባለ 16 አዳራሹ ሲኒማ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። በገጠር ከተማ አንድ ስክሪን ላለው ግን ከባድ ነው። የከተማው ሰው በሙሉ በመጀመሪያው ሳምንት አይቶ ይጨርሳል፤ በቀሩት ሦስት ሳምንታት ለማን ያሳያል? አንዳንዶቹ ፊልሙን ይቅርብን ብለው ተውት። እንደነዚህ ያሉት ትናንሾቹ ከጥቂት ዓመት በፊትም ተመትተዋል። የፊልም ጥቅል ቀርቶ ሁሉ ነገር ዲጂታል ሲሆን ለአንድ ስክሪን አዲስ ማሳያ መሣሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልግ ነበር። ያልቻለ ዘጋ።

ምን ሊያይ ይምጣ?

ወደ ዓርቡ ሰውዬ እንመለስ። ምን እያሳዩ እንደሆነ ሊያይ መጣ እንበል። በ1990ዎቹ የፍቅር ኮሜዲ፣ የፍርድ ቤት ድራማ፣ የሚያስፈራ ፊልም፣ የልጆች ካርቱን ጎን ለጎን ያገኝ ነበር። አሁን ልዕለ ጀግና፣ ሌላ ልዕለ ጀግና፣ የድሮ ፊልም አምስተኛ ክፍል ያገኛል።

ይህ የሆነው ስቱዲዮዎች ጣዕም ስላጡ አይደለም። አንድን ፊልም በመላ አገሪቱ ለማስተዋወቅ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፤ ፊልሙ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ይህን ያህል ካወጣህ ሰው ስሙን አስቀድሞ በሚያውቀው ፊልም ላይ ብታወጣ ይሻልሃል። በ2019 ዲዝኒ ያወጣቸው ሰባት ፊልሞች እያንዳንዳቸው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተዋል። ሁሉም ለማለት ይቻላል የቆየ ነገር ቀጣይ ወይም እንደገና የተሠራ ነው። ይህን ያየ ነጋዴ በመካከለኛ በጀት የፍቅር ፊልም ምን ያደርጋል? እንደ ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ለሚያሳዩት ይሸጠዋል። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ስለ ሰው ኑሮ የሚያወራ ፊልም የሚወድ ተመልካች ፊልሙን ተከትሎ ቤቱ ገባ።

ብዛቱም ቀነሰ። በ2019 ዲዝኒ የፎክስን ስቱዲዮ በ71 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙ ፊልም ያወጣ የነበረ አንድ ትልቅ ቤት ወደ ሌላው ተጠቀለለ። በ2023 ጸሐፊዎችና ተዋንያን ለወራት የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ የዚያ ጉድለት በ2024 መጀመሪያ ላይ በባዶ አዳራሽ ታየ። ደግሞም ሲኒማ ቤት ራሱን የሚያስተዋውቀው በሲኒማ ቤት ነበር። ሰው አንዱን ሊያይ ሲመጣ የሚቀጥለውን ፊልም ማስታወቂያ፣ ትሬለሩን፣ ያያል። ካልመጣ ቀጣዩ መኖሩንም አያውቅም። ልማድ ሲቋረጥ ብቻውን አይቋረጥም።

ትሬለር ካነሳን አይቀር፣ የማስታወቂያው ነገር በዝቷል። ኤኤምሲ በ2025 ራሱ ትኬት ሲሸጥ ፊልሙ ከተጻፈው ሰዓት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ዘግይቶ እንደሚጀምር መናገር ጀምሯል። ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ ማየት ምን ይሉታል? ስልኩን እያበራ ጎረቤቱን የሚያውክ ሰውም አለ። እሱ ግን ድሮም ነበረ፤ ያኔ ስልክ ስላልነበረው ያወራ ነበር።

የእኛስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ታሪኩ የተለየ መነሻ አለው። የውጭ ፊልም ሲያሳዩ የኖሩት አምባሳደር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር በአዲስ ጉልበት ሰው ያዩት ከሃያ ዓመት በፊት የአማርኛ ፊልም በዲጂታል ካሜራ መሠራት ሲጀምር ነው። ካሜራው ርካሽ ነበር፤ ታሪኩ የራስ ነበር። ዓለም ሲኒማ፣ ሴባስቶፖል፣ የኤድና ሞሉ ማቲ እያሉ የግል አዳራሾች ተከፈቱ። ፍቅረኞች ቅዳሜና እሑድ የሚቃጠሩት እዚያ ነበር።

ከዚያ የሆነው ግን ያው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በየማታው ወደ ቤት አስገባ። ፊልሞቻችንም ወደ ዩትዩብ ሄዱ። እዚህ ላይ ፕሮዲውሰሩን መውቀስ ይከብዳል። ዩትዩብ የሚከፍለው በማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ ተመልካቹ እንዳለበት አገር ይለያያል። ሲያትል ወይም ስቶክሆልም ተቀምጣ የምታይ አንዲት እህት ከአገር ቤት ተመልካች የተሻለ ገንዘብ ታስገኛለች። አዳራሽ ውስጥ ልትገባ የማትችለዋ እሷ ነች፤ ገንዘቡ ያለው ደግሞ እሷ ጋ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተመልካች በበኩሉ ከፊልም ሲወጣ ታክሲ ማግኘቱን ያስባል፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ለመድረስ ኮንትራት ከያዘ ከትኬቱ በላይ ይከፍላል። ፊልሙ ከወራት በኋላ በስልኩ እንደሚመጣም ያውቃል።

አሁን አሜሪካ ውስጥ ባለ አዳራሾቹ ምን እያደረጉ ነው? ወንበሩን እንደ አልጋ የሚዘረጋ አድርገዋል። ቢራና ምግብ ያቀርባሉ። በወር ክፍያ ደጋግሞ የሚያስገባ ካርድ እየሸጡ ነው፤ ይህ የዓርቡን ሰውዬ መልሶ ለማምጣት ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይመስለኛል፤ ከፍሎበታልና ይሄዳል። ማኅበራቸውም ሚያዝያ 2025 ላይ ስቱዲዮዎቹን በግልጽ ጠይቋል፦ ለማንኛውም ፊልም ቢያንስ 45 ቀን የብቻ ጊዜ ስጡን። የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ ስቱዲዮ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ፊልሙ ገበያ ካጣ ቀድሞ ወደ ቤት ይለቀዋል።

እስከዚያ ግን ብዙዎቹ አዳራሾች ማክሰኞ ላይ ዋጋ ይቀንሳሉ። ኤኤምሲ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለአባሎቹ ረቡዕንም ጨምሮ ትኬቱን በግማሽ አድርጓል፤ አባልነቱም በነጻ ነው። ልጆች ያሏችሁ ይህን አትለፉት። የወንበር ቁጥር ያለው ትኬት ከቆረጣችሁ ደግሞ አትጣደፉ፤ ሃያ ደቂቃ ብትዘገዩ ያመለጣችሁ ማስታወቂያ ነው።